የታጠፈው ቄጠማ

ፕሮፌሰሩ የተገኙት በረግረጉ ዳር በአፍጢማቸው ተደፍተው ነበር። ኢንስፔክተሯ ሬሳ አይታ የማታውቅ ሰው አይደለችም፤ የዛሬው ግን አስጠላት። ጭቃው ይሸታል፣ ውሃው ይሸታል፣ ዝንቡ የሟቹን አፍ እንደ ቤቱ ገብቶ ይወጣበታል። ከሁሉ የባሰ ያስጠሏት ግን ከኋላዋ የቆሙት የፕሮፌሰሩ ባልደረቦች ናቸው። መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው የሚያወሩት በቦታቸው ማን እንደሚሾም ነበር።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለጠች። ጣቶቹ ላላ ብለው አንዲት ቄጠማ ይዘዋል፤ ከነሥሯ የተነቀለች፣ ሁለት ቦታ የታጠፈች። ሥሯ ላይ ጭቃ የሚባል ነገር የለም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት አለቃዋ። «ገዳይዋ ተይዛለች። ሰሌን ሠሪዋ ናት፤ ማጭዷ ሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ቄጠማ እንዳታጭድ ስለከለከሏት ሰው ፊት ዝታባቸዋለች። ነገ ወደ ወህኒ ትወርዳለች።»

«በማጭድ ነው የሞቱት?»

«ኧረ ውሃ አፍኗቸው ነው።»

«ታዲያ ማጭዱ ምን ሠራ?»

አለቃዋ ሰዓቱን አየና ወደ መኪናው ሄደ።

ሰሌን ሠሪዋ ጣቢያው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። «ማጭዴን ሁልጊዜ እዚያው ረግረጉ ዳር ሸጉጬው ነው የምሄደው፤ አገር ያውቀዋል» አለች። «እትዬ፣ ልጄ ጡት እንጂ ሌላ አታውቅም። ነገ ከወሰዱኝ ማን ያጠባልኛል?»

«የገዳይ ወተት ቢቀርባትስ!» አለ ጠባቂው እየሳቀ። ኢንስፔክተሯ ለአንድ አፍታ ትክ ብላ አየችው፤ ሳቁን ዋጠ።

የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ የፕሮፌሰሩ ረዳት ዐይኑን እየጠራረገ ተቀበላት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሱ መሐረብ ግን ደረቅ ነበር። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተቀመጠች ቄጠማ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ «አዲስ ዝርያ» የሚልና የረዳቱ ስም ተጽፏል።

«እኔ እንደሆነ ቄጠማ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ» አለችው።

ረዳቱ አዘነላትና ከጠረጴዛው ሁለት ቄጠማ አነሣ። «ይቺ ልሙጧ ናት። በጥፍርዎ ይሰንጥቋት፤ ነጩ ልቧ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ረግረጉ በሙሉ የሷ ነው። ይቺኛዋ ሸንተረራም ናት፤ ልቧ እየተቆራረጠ እንደ መሰላል ይሆናል።»

«ረግረጉ ውስጥ አትገኝም?»

«አንዲትም የለች።»

እያወራ እጁ ሥራ አልፈታም። የአንዷን ቄጠማ ሥር አጥቦ፣ ረጅሙ አገዳ ከወረቀቱ እንዳያልፍ ሁለት ቦታ አጠፈና በጋዜጣ መሃል አስተኛት።

የሟቹ ሚስት ኢንስፔክተሯን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። አረንጓዴ ዝቃጭ የሸፈነው ኩሬ አለ፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

«ሸንተረራሟን ከሩቅ አምጥቶ እዚህ ተከላት» አለች ሚስትየዋ። «ከኔ ይልቅ የሚያጫውተው እሷን ነበር። ትናንት ረዳቱና እሱ እዚሁ ሲጨቃጨቁ ትቻቸው እህቴ ዘንድ ሄድኩ።»

«በምን ተጣሉ?»

«እኔ ምን አውቄ። ባለቤቴ ሙጫ፣ ሙጫ ይላል።»

አጥሩ ጥግ የቆሻሻ ጋሪ ቆሟል፤ ተፈግፍጎ ታጥቧል። «ይሄ ጋሪ እንዲህ ንጹሕ ነው?»

ሚስትየዋ ግራ ገባት። «ከተገዛ ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም።»

ሐኪሙ ከሟቹ ጉሮሮ ያወጣውን በሳህን ሰጣት፦ ንፍጥ የመሰለ አረንጓዴ ነገር፣ መሃሉ ላይ ቁራጭ አገዳ። አገዳውን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ከዚያም እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ሲመሽ ሁሉንም በዕፅዋቱ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ሚስትየዋን፣ ረዳቱን፣ አለቃዋን፣ ሰሌን ሠሪዋንም።

«ፕሮፌሰሩ ረግረጉ ውስጥ አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ጉሮሯቸው ውስጥ የተገኘችው ልቧ የተቆራረጠው ናት። እሷ ደግሞ ያለችው ጓሯቸው ውስጥ ብቻ ነው። ኩሬው ውስጥ ተደፍቀው፣ በጋሪ ተወስደው፣ ማጭዱ ካለበት ተጣሉ።»

«እጃቸው ላይ ያለችውስ?» አለ አለቃዋ። «የረግረጉ ናት ተብሏል።»

«ናት። የሚሰምጥ ሰው ግን ያገኘውን ይበጥሳል እንጂ ሥር አያጥብም፤ ሁለት ቦታ አጥፎም አይዝም። ጣቶቻቸው የላሉት ገዳዩ ፈልቅቆ ሸንተረራሟን ስላወጣ ነው፤ በቦታዋ ልሙጧን አስያዛቸው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ለወረቀት እንደሚያዘጋጃት አጥቦ አጠፋት።»

መስታወቱን አውርዳ ከፈተችና «አዲሷን» ቄጠማ ውሃ ውስጥ ነከረቻት። ጥቂት ቆይቶ አበባው ከአገዳው ተላቀቀ፤ የሙጫው ክር ተንሳፈፈ።

«ያንዷን አበባ በሌላዋ አገዳ ላይ ለጥፈህ ስምህን ጻፍክባት። እሳቸው ደረሱብህ።»

ረዳቱ የተላቀቀውን አበባ ከውሃው አወጣ። «ጋሼ ሊያዋርዱኝ ነበር» አለ።

«እሷንስ?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ሰሌን ሠሪዋ እያመለከተች። «ያንተን ዕዳ በልጇ አፍ ልታስከፍላት ነበር። ከጉሮሯቸው የወጣውን ስሰነጥቅ እንዳንተ አልቀፈፈኝም።»

አለቃዋ ሰሌን ሠሪዋ እንድትለቀቅ አዘዘ። በአጠገቡ ስታልፍ የኮመጠጠው ወተት ሸተተውና መሐረቡን አወጣ። እህቷ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቃለች፤ ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሰልሏል። እናትየው ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ደረቷን ከፈተች።

«እዚህ ነው የምታጠባው?» አለ አለቃዋ።

«እዚሁ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ መሐረቡን ከአፍንጫው ላይ ወስዳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።