በስልክ የማይነገር ነገር

አቶ ገበየሁ በእንጅባራ፣ ከቀርከሃ ተራው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቢሯቸው ውስጥ፣ መደብ ላይ እንደተጋደሙ ሞተው ተገኙ። ዕለቱ ማክሰኞ ሐምሌ 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። መስኮቱም በሩም ገጥሟል። ከእግራቸው ሥር ገና ግማሹ ሳይቀላ የጠፋ ከሰል የያዘ ማንደጃ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የተጻፈች አንዲት ወረቀት። ሐኪሙ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው፦ «የከሰል አፈና ነው።»

መርማሪዋ ኢንስፔክተር የሻረግ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበቻት።

«ሕመሙ በረታብኝ፤ መኖር ደከመኝ። የአሥራ አምስት ዓመት ሥራዬ፣ የአዊኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ተሟልቶ በኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል። የክርስትና ልጄ አሳምነው ተረክቦ ያሳትመው። ይቅር በሉኝ። ገበየሁ፤ ሐምሌ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.»

ፊርማ የለባትም።

በማግስቱ ማለዳ ቄስ አዝመራው ከቢሮው በር ላይ ጠበቋት። ዝናቡ ካባቸውን አርሶታል።

«ልጄ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይገባም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። ገበየሁ አርባ ዓመት አብሮኝ አስቀድሷል፤ ግን ያቺ ወረቀት አፌን ዘጋችው።»

«ወረቀቷ ከዋሸችስ፣ አባ?»

«እንግዲያው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አሳዪኝ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ከበረንዳው ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ልቅሶው ገና ያልተፈቀደላቸው ይመስል፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝናቡን ያያሉ።

የሻረግ ወደ ውስጥ ገብታ ክፍሉን ዞረችው። ጠረጴዛው ላይ የመዝገበ ቃላቱ ረቂቅ ገጾች ተከምረዋል፤ ያረጀው ማተሚያ በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አስምሮባቸዋል። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የረጅሙን ቁም ሳጥን አናት አየች። አቧራው መካከል አንዲት የቀርከሃ ሽብልቅ ተኝታለች። ይዛት ወጣች።

«እትዬ ይታይሽ፣ ይቺን ያውቋታል?»

«የመስኮቱ ሽብልቅ ናት። ራሱ ነው የጠረባት። ከሰል ያለበት ቤት መስኮቱ እንዳይገጥም፣ ክረምት ከበጋ ከዚያው ተሰክታ ነው የምትኖረው። ‹ብርድ ያስነጥሳል እንጂ አይገድልም› ይላል።»

«ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጧት ነበር?»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «በምን እጁ? ፈረስ ከጣለው ወዲህ እጁ ከትከሻው በላይ ወጥቶ አያውቅም። ጋቢውን እንኳ የማለብሰው እኔ ነኝ። ወንበር ላይ መውጣትማ የማይታሰብ ነው።»

የሻረግ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

ጸሐፊዋ እታለማሁ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ጣቶቿ ዐርፈው አያውቁም። ከአቶ ገበየሁ ጋር መጣላቷን ቀርከሃ ተራው ሁሉ ያውቃል።

«በየቀኑ ነበር የምንጣላው!» አለች ሳትጠየቅ። «አንድ ቃል ሦስት ቀን ከሚያሳርም ሰው ጋር የማይጣላ መልአክ ብቻ ነው። ጠዋት ተጣልተን ከሰዓት በኋላ ቆሎ እንካፈላለን።»

«ትናንትስ?»

ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትናንት አልተጣላንም። ምን ጉልበት ኖሮን! ኮምፒውተሩን ስንከፍተው ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ቃላቱ የሉ፣ መቅድሙ የለ፣ የአማርኛ መጻፊያው እንኳ የለ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ‹አሥራ አምስት ዓመት፣ እታለማሁ› አሉ።»

«ቅጂ አልነበራቸውም?»

«አንድ ጊዜ ቫይረስ ከገባባቸው ወዲህ ፍላሽ የሚባል እዚህ ኮምፒውተር ላይ እንዳይሰካ ከልክለው ነበር። ቅጂ የለም።»

«ለማን ነገሩ?»

«መጀመሪያ ለደሴ ደወሉለት፤ ለኮምፒውተር ሠሪው። ሰኞ ነክቶት የሄደው እሱ ነዋ! ‹በሕግ እጠይቅሃለሁ› ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። ከዚያ ለአሳምነው ደወሉ።»

«ሥራው ጠፋ ብለው ነገሩት?»

«ውይ ኢንስፔክተር፣ እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ ይነገራል? ‹ልጄ፣ በስልክ የማይነገር ነገር አለ፤ ዛሬውኑ ና› ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ‹ልጁ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥብኝ› አሉ። ሥራ ስለሌለ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከምሳ በኋላ ጋደም ሊሉ ቀሩ። ማንደጃውን በረንዳው ላይ አያይዤላቸው ነው የሄድኩት፤ እስኪቀላ አይገባምና።»

ደሴ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሲፈራ ይቀልዳል።

«ሊያስሩኝ ከሆነ ሻይ ልጠጣና እንሂድ።»

«ሰኞ ምን ሠራህ?»

«ጸረ ቫይረስ ጫንኩ።»

«ቀድሞ አልነበረውም?»

«ነበረው።» አንገቱን አከከ። «እሱን ሳላወጣ ሌላ ደረብኩበት። ጥፋቴ ነው። ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ሲያቆሙ፣ ሌባውን ትተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሲያያዙ የጋሽ ገበየሁን መግቢያ ሰበሩት። ኮምፒውተሩ የገዛ ባለቤቱን አላውቅህም አለና እንደ እንግዳ ባዶ ክፍል ሰጣቸው።»

«ሥራቸው ጠፋ ማለት ነው?»

«ኧረ ቤቱስ አለ፤ የጠፋው ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ነው። ላስረዳቸው ስል ነው የዘጉብኝ።»

«ለምን ወዲያው አልመጣህም?»

«ጥሊሊ ነበርኩ፤ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ስጠግን ነው የዋልኩት። ርእሰ መምህሩ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አለቀቀኝም፤ ይደውሉለት።»

ደወለች። እውነቱን ነበር።

«እንግዲያስ ደሴ፣ መንገዱን መልሰው» አለችው።

አሳምነው ከዳንግላ የመጣው መርዶውን እንደሰማ ነበር። መምህር ነው፤ ቁመቱ መለሎ፣ ዓይኑ በልቅሶ የቀላ፤ እጁ ላይ ካለው ቁልፉ ትንሽ ፍላሽ ተንጠልጥላለች። አቶ ገበየሁ ክርስትና አንሥተውት፣ ወላጆቹ ሲሞቱ አሳድገው ያስተማሩት እሱን ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ሲያዩት ብቻ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ትከሻውን ያዙ።

«ትናንት ደውለውልህ ነበር» አለች የሻረግ።

«ደውሎልኛል። ድምፁ ደክሞ ነበር። ‹ና› አለኝ። ዝናቡ ጠንቶ፣ ሚኒባስም ጠፍቶ ዳንግላ ዋልኩ።» ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «በእግሬም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ።»

«ምን ሊነግሩህ የፈለጉ ይመስልሃል?»

«የሕመሙን ነገር ይሆናል።»

«ስለ መዝገበ ቃላቱስ?»

«ስለ እሱማ ምን ቀረው? ተጠናቅቆ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ቢቀር ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው።»

የሻረግ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አመሰገነችውና ሌላ ምንም ሳትጠይቀው ወጣች። በፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ሐሰት ሰምታለች፤ የዚህ ሰው የመጨረሻ ቃል ግን ሐሰት አለመሆኑ ነበር ያስደነገጣት። ከልቡ ያመነውን ነው የተናገረው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ጠራት። ተጣልተው የነበሩትን ሁለት ጸረ ቫይረሶች አንዱን አስወጥቶ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሥቶታል።

«ይዩት፤ የአቶ ገበየሁ የመግቢያ መዝገብ ይኸውና። ኮምፒውተሩ መዝገቡን ሳይደመስስ ‹ባክ›፣ መጠባበቂያ ማለት ነው፣ የሚል ቅጥያ ለጥፎበት ወደ ጎን ገፍቶታል። በቦታው ባዶውን አስቀምጧል። ባዶውን አንሥቼ ቅጥያውን ስፍቀው...»

ማያው ጨለመ፤ ከዚያ በራ። የዘንገና ሐይቅ ፎቶግራፍ መጣ፤ ከፎቶግራፉ ላይ የቃላቱ ማኅደሮች ከነስማቸው ተሰለፉ። ከሁሉ በላይ «መቅድም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የተቀመጠው ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ፊደል አልተጻፈም።

የሻረግ መቅድሙን አንብባ ስትጨርስ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ለማንም እንዳትናገር» አለችው ደሴን።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያችው ክፍል ተሰበሰቡ። ቄስ አዝመራው በር አጠገብ፣ ወይዘሮ ይታይሽ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ከተቀመጠው አሳምነው ጎን፣ እታለማሁ ከማተሚያው አጠገብ፣ ደሴ ኮምፒውተሩ ላይ። አንድ ፖሊስ በሩን ይዞ ቆሟል።

«መጀመሪያ ወረቀቷ» አለች የሻረግ። «ይህ ማተሚያ በሚያወጣው ገጽ ሁሉ ግራ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ይቺ ወረቀት ንጹሕ ናት። የታተመችው ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ መስኮቱን ለመዝጋት ሽብልቋ ተነቅላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተወርውራለች። የሟች እጅ እዚያ አይደርስም። ማንደጃውም ሳይቀላ፣ ጥሬ ከሰል ተጨምሮበት ነው የገባው። ሟች ተኝተው ነበር፤ ሌላ ሰው ነው ያስገባው።»

«ማን?» አሉ ቄስ አዝመራው።

«እሱን ደብዳቤው ራሱ ይነግረናል፣ አባ። ‹ሥራዬ ተሟልቶ በኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል› ይላል፤ ቀኑ ማክሰኞ። ማክሰኞ ግን አቶ ገበየሁ የአሥራ አምስት ዓመት ድካማቸው ባዶ ሆኖ ያዩበት ቀን ነው። አንድ ሰው በዚያ ቀን ሊሞት ቆርጦ ቢጽፍ፣ የሚጽፈው ይህንኑ ሐዘኑን ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ኮምፒውተሩ መበላሸቱን የማያውቅ ሰው ነው። እታለማሁ ታውቅ ነበር። ደሴ ያውቅ ነበር።»

ወደ አሳምነው ዞረች።

«አሳምነው፣ አንተ ግን ዛሬ ጠዋት እንኳ አታውቅም ነበር። ለአንተ ያልተነገረህ ስለሚሳሱልህ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ አሳምነው። «እኔ ዳንግላ ነበርኩ።»

«ግምት ከሆነ ቁልፍህ ላይ ያንጠለጠልካትን ፍላሽ ለደሴ ስጠው።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ቆመ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። ወይዘሮ ይታይሽ እጃቸውን ከትከሻው ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

ደሴ ፍላሿን ሰካት። «አንድ ጽሑፍ ተሰርዟል» አለ ጥቂት ቆይቶ፤ አሁን አልቀለደም። «የተሰረዘ ሁሉ ግን አይጠፋም። ይኸው፣ ደብዳቤው ነው። ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ከሃያ የተጻፈ። ደግሞ... ኢንስፔክተር፣ መዝገበ ቃላቱም እዚህ አለ። ከነሙሉ ቃላቱ። ሽፋኑ ላይ ያለው የአሳምነው ስም ብቻ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የቀረበ ይላል።»

«ማንም ፍላሽ እንዳይሰካ ከልክለው ነበር እኮ!» አለች እታለማሁ።

«ልጅ ማንም አይደለማ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

አሳምነው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «‹በስልክ የማይነገር› ሲለኝ... ሥራውን መስረቄን ደረሰበት አልኩ። ዲግሪው፣ ሥራው፣ ስሜ፣ ሁሉም አበቃ አልኩ። ስደርስ ተኝቶ ነበር።»

«ቀስቅሰህ ብትጠይቃቸው ኖሮ» አለች የሻረግ፣ «ኮምፒውተሬ ተበላሸ ይሉህ ነበር። ሌላ ምንም አያውቁም ነበር።»

ከዚያ ወደ ማያው ዞራ መቅድሙን ድምፅዋን ሳታነሣ አነበበች።

«ይህ መጽሐፍ የሁለት ሰዎች ነው። እኔ ቃላቱን ለቀምኩ፤ ልጄ አሳምነው ነፍስ ዘራባቸው። በሽፋኑ ላይ ስሙ ከስሜ ይቅደም። እኔ ወደ ማታ የቀረብኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ገና ረፋዱ ላይ ነው።»

ፖሊሱ አሳምነውን ክንዱን ይዞ አወጣው። በወይዘሮ ይታይሽ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ ሊያያቸው ሞከረ፤ እሳቸው የሚያዩት ሽብልቋን ነበር።

እታለማሁ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እትዬ፣ ስሙን ከመቅድሙ ልሰርዘው?»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዪው። ገበየሁ የጻፈውን እኔ አልሰርዝም። መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ‹ይህ አሳምነው የሚባለው ማነው?› ብሎ ይጠይቅ። የሚያውቅ ይንገረው።»

ቄስ አዝመራው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ተነሡ ልጆቼ» አሉ። «ፍትሐቱ ረጅም ነው።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ይታይሽ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ቀርከሃ ተራው ሁሉ እስኪሰማቸው ድረስ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።