ከፎቶው የቆረጥኳት እህቴ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው ከናሪን ከተማ በላይ፣ ተራራው ላይ ያለው ቤቴ ነው። አሁንም እዚያው ሆኜ ነው የምጽፈው።

በዚያ ዓመት ብርድ በረዶው መንገዱን ሰባት ሳምንት ዘጋ። በጎች በቆሙበት ደረቁ። የቤቴም በር በበረዶ ተደፈነ።

ብቻዬን ነበርኩ።

ሥራዬ ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ ነው። ልጁ ሩቅ አገር የቀረበት ይመጣል፤ ልጁን ከሌላ ፎቶ ቆርጬ ከወላጆቹ መሀል አቆመዋለሁ። ሙታንንም እንዲሁ። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ብቻ ነውር ነው... ሕያው ሰው ከፎቶ ቆርጦ ማውጣት።

እኔ አድርጌዋለሁ።

እህቴ ቡሩል አባታችን ካልወደደው ሰው ጋር ኮበለለች። አባቴ የቤተሰቡን ፎቶ ሰጠኝ።

"አውጣት" አለ።

አወጣኋት። የቀረነውን ስድስታችንን አጠጋጋሁ።

በሳምንቱ መጥታ በሩን አንኳኳች።

"እማ... በረደኝ።"

እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። የጨከነች መሰለኝ። አልነበረም... አልሰማቻትም።

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አልከፈትኩላትም። ጠዋት አጥሩ ሥር ደርቃ ተገኘች።

አርባ ዓመት ቦታዋን ይዤባት ኖርኩ።

መንገዱ በተዘጋበት በዚያ ብርድ የፎቶ ትርፍራፊ ቁርጥራጭ ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ሰነበትኩ። ክርን፣ ጆሮ፣ እጅጌ። ከነሱ ራሴን ልሠራ ነበር፤ የሚፈልገኝ ሰው ቢኖር ምን እንደሚያገኝ ለማየት።

አንድ ጠዋት ጆሮዎቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረው አገኘኋቸው።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ።

"በረደኝ..."

ያኔ የቆረጥኳትን ቡሩልን ከቆርቆሮው ሳጥን አወጣሁ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ክፍት ቦታ አልነበረም። ልሰጣት የምችለው የእኔን ብቻ ነበር።

ራሴን ቆረጥኩ። እሷን በቦታዬ ለጠፍኩ።

ማንኳኳቱ ቆመ።

ወዲያው የአካፋ ድምፅ መጣ። ጎረቤቴ ኡልጃን ናት።

"አባባ ቤክተን፣ ድስቴን ሳይመልሱ እንዳይሞቱብኝ!"

በሩን ከፍታ ገባች።

"አለሁ" አልኳት።

በአጠገቤ አልፋ ምድጃውን ነካች።

"እሳቱን አንድዶ የት ሄደ ይሄ ሽማግሌ?"

"ኡልጃን... እዚህ ነኝ።"

ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች። "እርጥበት ይበላዋል" ብላ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው። ወጥታ በሩን ዘጋችው።

ገፋሁት። አልተከፈተም። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተከፈተም።

ዕዳዬ ግን ተከፍሏል። በመስኮቱ አይቻለሁ። ኡልጃን ፎቶውን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች... ከኋላዋ በረዶው ላይ የስድስት ሰው ዱካ እየታተመ ይከተላታል።