በጸጥታው መካከል የተሰጠ መልስ

ዊልነር ሬሳውን ተሸክሞ ገብቶ መሬት ላይ እንዳስተኛው ሁለተኛው ነፋስ መንደርተኞቹ የተጠለሉበትን የጸሎት ቤት ግድግዳ መታው። የአውሎ ነፋሱ ዓይን በላያቸው ሲያልፍ የሰጣቸው ጸጥታ አበቃ። ከእንግዲህ መውጫ የለም። የሞተው ዓሣ አጥማጁ ኔስቶር ነው፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ተመትቷል።

«ይሄ የሄይቲ ሰው ወንድሜን ገደለው!» ብሎ ጮኸ ክሎቪስ። «በጸጥታው አነጋግሬው ነበር እኮ! ደህና ነበር!»

«ወንዝ ዳር ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለ ዊልነር እንባው እየወረደ። ሙዝ እርሻ ላይ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው፤ ግን መጤ ነውና ማን ይስማው።

«በሩን ክፈቱና ነፋሱ ይፍረድበት!» አለ አንዱ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ውጭ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ይበራል፤ መውጣት ማለት መሞት ነው።

ሳጅን ዩዶራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ባሕሩ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሾርባ ሞቆ ሲሰነብት አውሎ ነፋስ እንደሚወልድ ስለታወቀ፣ የባሕር ዳሩን ሰው ለማስነሳት ከዋና ከተማዋ ከሮዞ መጥታ መንገዱ ተዘግቶባት የቀረች ፖሊስ ናት። አጭርና ወፍራም ብትሆንም ከቆመችበት የሚያነቃንቃት አልተገኘም።

«ማንም አይወጣም። መጀመሪያ እኔ ልየው።»

ባትሪዋን አብርታ ተንበረከከች። ነፋሱ የደሴቲቱን ዛፎች ልጦ፣ ቅጠሉን ፈጭቶ በየግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ኔስቶርም ከግንባሩ እስከ ደረቱ እንደዚያው አረንጓዴ ነው። ጀርባው ግን ጭቃ ብቻ ነው። በተከፈቱት ዓይኖቹ ላይ ሳይቀር ቅጠል ተለጥፏል።

«እማማ ኡርሱል፣ ጸጥታው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን ልጄ፣ እንጣራለን!» አሉ አሮጊቷ። «ከቤት ቤት ስም እየጠራን እንጠያየቃለን። ያልመለሰ ካለ ሁለተኛው ነፋስ ሳይመጣ ወጥተን እንፈልገዋለን።»

«ኔስቶርን ማን ጠራው?»

«ከወንዙ ማዶ ጠሩት። ክሎቪስ ወጣ ብሎ ነበርና ‹አለ! ጀልባው ጋ ነው፣ አሁን አነጋገርኩት› ብሎ መለሰለት።»

ሳጅኗ ወደ ዊልነር ዞረች። «ታዲያ አንተ ለምን ሄድክ?»

«ጀልባውን ብቻውን አይችለውም ብዬ ነው። ላግዘው።»

«የመጀመሪያው ነፋስ ሲመታን በጨለማው አላየሁም፤ ዊልነር የት ነበር?»

«እዚሁ ነዋ!» አሉ እማማ ኡርሱል። «የሰሜኑን በር በትከሻው ይዞ! እሱ ባይኖር ጣሪያው ሄዶብን ነበር።»

«ክሎቪስስ?»

አሮጊቷ ወደ ክሎቪስ ዞር አሉ። «እሱ ዘግይቶ ነው የገባው፣ በስብሶ። ‹ፍየሎቼን ሳስር› አለን።»

ዩዶራ ተነሣች። ሰው መሰብሰብ አላስፈለጋትም፤ ነፋሱ ሰብስቦላታል።

«በጸጥታው ቅጠል አይበርም። ሁለተኛው ነፋስ ሳይነሣ ደግሞ ዊልነር አስገብቶታል። ስለዚህ ይህን የለጠፈው የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ጀርባው ላይ የሌለው ተንጋሎ ስለነበረ ነው። ዓይኑን እዩት፤ በሕይወት ያለ ሰው ዓይኑን አይጠርግም? ጸጥታው ሲመጣ ኔስቶር ሞቷል። ታዲያ ክሎቪስ፣ ያነጋገርከው ማንን ነው?»

ክሎቪስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«መልስ ቢጠፋ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይፈልገው ነበር። አንተ መለስክለት። ወንዙ እስኪሞላና ሬሳውን ወደ ባሕር እስኪወስድልህ ነበር የጠበቅከው።»

«ወንዙ መታጠፊያ ላይ ከነፋስ ተጠልሎ የሚተርፈው አንድ ጀልባ ብቻ ነው» አለ ክሎቪስ በደከመ ድምፅ። «የኔስቶርን ፈትቼ የኔን ሳስገባ ደረሰብኝ። በመቅዘፊያው አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።»

«በሩን ክፈቱለት!» አለ ያው የቅድሙ ሰውዬ።

«እሱም አይወጣም!» አለች ዩዶራ። ወዲያው የደቡቡ በር ተንቋቋ። «ትከሻችሁን ስጡ! ክሎቪስ፣ አንተም!»

ክሎቪስና ዊልነር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በሩን ገፉ። አንዳቸውም ወደ ሬሳው አላዩም።

ነፋሱ ሲበርድ ከማዶ መጣራት ተጀመረ።

«ኡርሱል!»

«አለሁ! ዊልነርም አለ!» አሉ አሮጊቷ፣ የዊልነርን ስም ማንም ሳይጠራ።

«ኔስቶር!»

ሁሉም ወደ ክሎቪስ ዞሩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ጮክ ብለህ» አለችው ሳጅኗ።

«የለም!» ብሎ ጮኸ። «ገድዬዋለሁ!»

ከማዶ ለረጅም ጊዜ ማንም ሌላ ስም አልጠራም።