ሁለት ጭረት ከዓይን ሥር

«ይሄን ጥቀርሻ የለቀለቅሽው ለማስፈራራት ነው አይደል?» አለች ተከላካይዋ፣ ውሃዋን እየተጎነጨች።

«ለማስፈራራትማ ያንቺ ፊት ይበቃን ነበር» አለች ሙጫ። ሙጫ የሚሏት ኳስ እጇ ላይ ስለሚጣበቅ ነው።

ዕረፍት ነው፤ ዜሮ ለዜሮ። ሙጫ የመጀመሪያውን አጋማሽ የጨረሰችው የአሥር ሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት አፍጥጣባት ነው። ቢሆንም አንድም ኳስ አላመለጣትም። ሜዳው ዳር፣ ለከተማው ምርጥ ቡድን የምትመለምለው አሠልጣኝ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። የምትፈልገው አንድ በረኛ ብቻ ነው። ወይ ሙጫን ትወስዳለች፣ ወይ ሽቦን።

ሽቦ የተጋጣሚው ቡድን በረኛ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም። ቤተሰቦቿ ሰፈር ቀይረው ትምህርት ቤት እስክትለውጥ ድረስ ከሙጫ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት። ለሁለቱም ቅጽል ስም ያወጣችላቸው ልብስ ሰፊዋ የሙጫ አክስት ናት። እሷም በወጣትነቷ በረኛ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ በላይ በተሰቀለው ፎቶ ላይ ከዓይኖቿ ሥር ሁለት ጥቁር ጭረት ይታያል። ልጆቹ ግን «አልቅሳ ኩሏን አበላሽታው ነው» እያሉ ስንት ዓመት ሲያዝኑላት ኖሩ!

በመጨረሻ ሲጠይቋት አክስትየው ሳቋ አላስሰፋ አላት።

«የምን ለቅሶ! ፊት በላብ ሲርስ ያብረቀርቃል። ፀሐይዋ ጉንጭሽ ላይ ታርፍና ተመልሳ ዓይንሽ ውስጥ ትገባለች። ጥቁሩ እዚያው ውጦ ያስቀራታል።»

ያኔውኑ የሻማ ጥቀርሻ ከሰም ጋር አቅልጣ፣ የልብስ ቁልፍ ይቀመጥበት በነበረ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አቀዘቀዘችውና ደረጃው ላይ ደርድራ ቀባቻቸው።

«ዝም በሉ፤ ዓይን ጨፍኑ። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ግን እንዳትቀቡ። እሱ የፀሐይዋ ወገን ነው።»

ያን ቀን ከአክስትየው ቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፉት ኳስ እስኪደክማቸው ተጫወቱ። ሽቦ ፊቷን ሳትታጠብ ተኝታ፣ በማግስቱ እናቷ ስለ ትራሱ ስትጮህ ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

አሁን የአክስትየው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሻማ ማቅለጥ ትታለች። የመጨረሻው ቆርቆሮ በሙጫ ካልሲ ውስጥ ተወትፏል። ግርጌው ላይ የቀረችው ጥፍር የምታህል ናት።

ቡድኖቹ ጎል ለመቀያየር ተነሡ። ሙጫ ሜዳው መሀል ከሽቦ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሽቦም ከዓይኖቿ ሥር ተቀብታለች! ግን የጫማ ቀለም ነው፤ ገና እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ፀሐይዋን ልትጋፈጥ ስትዞር ዓይኗ ተጨናበሰ፤ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች።

«ጥቀርሻና ሰሙን ሞክሬው ነበር፤ አልያዝ አለኝ» አለች ሳትጠየቅ። «እትዬስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ፎቶውንም አላወረደችው።»

«እኔ አሁንም ያለቀሱ ነው የሚመስለኝ» አለች ሽቦ፤ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ሙጫ ወደ አሠልጣኟ ደብተር ሰረቅ አድርጋ አየች። ዝም ብላ ብታልፍ ማን ምን ይላታል? ቀሪውን ፀሐይዋ ራሷ ትጨርስላታለች።

«ኧረ ነይ! ምን ይገትርሻል?» ብላ ተከላካይዋ ከኋላ ጮኸች።

«መጣሁ አልኩሽ እኮ!»

ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን ከካልሲዋ መዘዘች። የሽቦን ጉንጭ በማሊያዋ ጫፍ ፈገፈገችው፤ የጫማ ቀለሙ እስኪለቅ። ከዚያ ጣቷን ቆርቆሮው ግርጌ ላይ አሽከረከረች፤ ነጩ እስኪታይ፣ ምንም እስከማይቀር።

«ዝም በይ» አለቻት። «ዓይን ጨፍኚ።»