የአባዬ ሞተር አልቆጥር ሲል

አንድርያስን የሰጠኝ የአባዬ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ሊነጥቀኝ የነበረውም እሱው ነው። እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ።

2021 ነው፣ ጁን ላይ፣ እዚሁ አሜሪካ። አባዬ ሉዊስ ሴንተር ካለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሞተር ገዝቶ መጣና ኢስትሙር ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አቆመው። እማዬ በበሩ ብቅ ብላ አየችው፣ አማተበች፣ ወደ ኪችን ተመለሰች።

ሞተሩ ደህና ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ብቻ አይሠራም። አባዬ ደግሞ የትራፊክ ቅጣት ትኬት ሲፈራ አይጣል ነው። «ፍጥነቴን ሳላይ ከድራይቭዌይ አልወጣም» ብሎ ማለ።

አንድርያስ ሊጠግነው የመጣው ያኔ ነው። በዲቪ የመጣ፣ ዋይትሆል የሚኖር፣ ዌርሃውስ የሚሠራ፣ አዲስ አበባ እያለ ሞተር ሲጠግን ያደገ ልጅ። የፊት ጎማውን ፈታና እኔን የእጅ ባትሪ አስያዘኝ።

«ይቺን ጥርስ አየሻት ሉሊት? ጎማው ሲዞር እሷ ትዞራለች። እሷ ኬብሉን ታዞራለች። ኬብሉ ደግሞ ላይ ያለውን ቀስት ያነሳል።»

«አንዱ ቢለግምስ?»

«ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይቀራል።»

የደረቀውን ግሪስ በጨርቅ ጠርጎ አዲስ ቀባት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። 

«ባትሪውን ወደ ጎማው አብሪልኝ» አለኝ ቆይቶ። «እኔ እንኳ አልተበላሸሁም።»

ለካ ፊቱ ላይ ነበር የማበራው። በሐፍረት ልሞት!

ጎማውን መልሶ ገጠመና በእጁ አሽከረከረው። ቀስቱ ተነሳ። አባዬ እስክስታ ነው የቀረው። በሳምንቱ ግን ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኛ።

አንድርያስ ተመልሶ መጣ። «ግሪስ አንሷት ነው ጋሼ» አለ። ሠራው፤ ቆመ። «ኬብሉ ነው መሰለኝ» አለ። ቀየረው፤ ቆመ። «እንግዲህ ጥርሷ ትሆናለች» አለ። እውነት ለመናገር እኔ ደስ ይለኝ ነበር። በተበላሸ ቁጥር ይመጣል፣ ባትሪ እይዝለታለሁ፣ ሲሄድ ከመንገድ ኮል ያደርግልኛል። ክረምቱ ሳያልቅ ያለሱ መዋል አቃተኝ።

አባዬ ግን አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይሄ ልጅ ውሸታም ነው። በመጣ ቁጥር ሌላ ምክንያት!»

ደነገጥኩ። በማግስቱ አንድርያስን ጠየቅኩት። «እውነቱን ንገረኝ። ምንድነው የሚያበላሸው?»

«እኔው ነኝ። አላውቅበትም መሰለኝ» አለና ዓይኑን ሰበረ።

 የሚዋሽ ሰው ዓይኑን እንዲህ ነው የሚሰብረው። የምወደው ሰው ምን እንደሚደብቀኝ አላወቅኩም፤ ግን የሆነ ነገር ይደብቀኛል።

ይህም ሆኖ እወደው ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ቶሎሳ ከሁለት ሰዎች ጋር ሳሎናችን ገቡ። አንድርያስ በወጉ መሠረት አልገባም፤ መንገዱ ዳር መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተደብቄ እሰማለሁ።

«እናንተን አከብራለሁ» አለ አባዬ። «ልጄን ግን ለዚህ ልጅ አልሰጥም።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

«ምን አጠፋ ጋሽ ገብረኪዳን?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ክረምቱን ሙሉ በአንዲት ኬብል ሲያጃጅለኝ ከረመ! ለኔ እንዲህ የዋሸ ነገ ልጄን ምን ሊላት ነው?»

  እማዬ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ከኪችን ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አየችኝ። ፊቴን አየችው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርገው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«እኔ ነኝ!» አለች።

«ምኑን?» አለ አባዬ።

«የምፈታው! ልጁ ሠርቶ በሄደ ቁጥር የኬብሉን ዳዶ የማላላው እኔ ነኝ!»

 መርፌ ውስጥ ክር እንኳ አስገቢልኝ የምትለኝ እማዬ ዳዶ ስትፈታ! ጋሽ ቶሎሳ አፋቸውን ያዙ።

«ላቀች! ለምን?»

«ካልቆጠረ አልወጣም ስላልክ! አንተን ልቀብር ነው እንዴ አሜሪካ የመጣሁት?» አለችና አለቀሰች። እማዬ ሰው ፊት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

አባዬ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ተነስቶ አጠገቧ ቆመ። «ይህን ያህል ትፈሪ ነበር?»

«አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

አባዬ አንገቱን ደፋ።  ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «የሰው ልጅ ስም አጠፋሁ። ጥሩልኝ፣ ይግባ።»

ማን ይቅደመኝ! በባዶ እግሬ ወጥቼ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

«አንድርያስ! እማዬ ናት! ዳዶውን የምታላላው እማዬ ናት!»

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ተናገሩ እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እንደገና ክው አልኩ። «ታውቅ ነበር?!»

«ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ። ዳዶው ላይ ንጥር ቅቤ ነበረበት። ግሪስ ደግሞ ኮረሪማ አይሸትም።»

«አንተ! ልንለያይ እኮ ነበር! ውሸታም ስትባል፣ እኔ ራሴ ስጠረጥርህ፣ እንዴት ዝም ትላለህ?»

«ምን ልበል ሉሊት? እትዬ ላቀችን ከጋሼ ጋር አጣልቼ አንቺን ልውሰድ?»

 መጀመሪያ ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እያየን አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።