ንፋሱ ያስወጣቸዋል

ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን አሥራ አራት ግቢዎች አሉ። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ በዘጠኙ ሰው ይኖር ነበር። አምስቱ ከተሠሩ ጀምሮ ማንም አድሮባቸው አያውቅም። ከአምስቱ ሦስቱ የምንተስኖት ናቸው። ምንተስኖት መቂ ላይ ሽንኩርት እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ነው። ሦስቱም ቤቶች ውሃና መብራት ገብቶላቸዋል። በመስኮቶቹ መስታወት ላይ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ሰማያዊ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር።

በዚያው ወር፣ ከመንደሩ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትን ዛኪርንና ፋዲላን አከራያቸው «ወይ እጥፍ ክፈሉ፣ ወይ ልቀቁ» አላቸው። ዛኪር የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ሚስቱ ፋዲላ ገበያ ውስጥ ደህናውን ቲማቲም ከተበላሸው ትለያለች። ልጃቸው ሑስና ስድስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ሳምንት ቤት ፈለጉ። ደላላው የሚያሳያቸው አከራይ ሁሉ ወይ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ ወይ «ልጅ ያለው አልፈልግም» ይላል።

ፋዲላ ጎረቤታችንን እትዬ ዘውድነሽን አማከረች። እትዬ ዘውድነሽ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ለምንተስኖት ስልክ ደወሉለት።

«አንተ ምንተስኖት፣ ከሦስቱ አንዱን ለእነዚህ ልጆች ብታከራያቸው ምን ይልሃል?»

«እትዬ፣ ሰው የኖረበት ቤት አዲስ አይባልም። ገዢ ሲመጣ በሽንብራና በበርበሬ የቆሸሸ ግድግዳ ላሳየው?»

«እስከዚያ ለማን ነው የምታስቀምጠው? ለአይጥ?»

ሳቀ። «አይጥ ሚስማር አይመታብኝም። ብር ባንክ ቢቀመጥ እንደ ሽንኩርት ይበሰብሳል። ቤት አይበሰብስም፣ እትዬ። ይቀመጥ።»

ኅዳር ሃያ የፋዲላ ዕቃ ወደ ውጭ ተጣለ። በማግስቱ ባልና ሚስቱ ከምንተስኖት ሦስት ቤቶች የመካከለኛውን የጓሮ በር ሰብረው ገቡ።

የሰው ቤት ሰብሮ መግባት ጥፋት ነው። ፋዲላም አልካደችም። «ልንቀማው አይደለም፣ እማማ» አለቻቸው እትዬ ዘውድነሽን። «ልጄን መንገድ ላይ ላስተኛት? ሲመጣ እንከፍለዋለን።» ወለሉ እንዳይጫጫር ካርቶን አነጠፈች። ሰማያዊውን ላስቲክም ከመስኮቱ ላይ አልላጠችም።

ምንተስኖት ወሬውን ሰምቶ መጣ። ዛኪር በሩ ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ አጥፍተናል። የቆየንበትን እንክፈልዎት፤ ውል እንጻፍ።»

«ከሌባ ጋር ምን ውል አለ?»

እትዬ ዘውድነሽ መሃል ገቡ። «ካልፈለግህ ሕግ አለ፤ ክሰሳቸው።»

«ስንት ቀጠሮ ልመላለስ? እኔ እጄን አላነሳባቸውም፣ እትዬ። የአዳማን ንፋስ ያውቁት የለ? ንፋሱ ያስወጣቸዋል።»

ታኅሣሥ ዘጠኝ ሁለት ባለሙያዎች ይዞ ተመለሰ። ዛኪርና ፋዲላ ሥራ ላይ ነበሩ። አንደኛው ከቆጣሪው ወደ ቤቱ የሚገባውን የመብራት ሽቦ ቆረጠ። ሁለተኛው የአሥራ ሁለቱን መስኮቶች መዝጊያ ከነመስታወቱ ነቅሎ በጎን ባለው ቤት ቆለፈበት። እኛ የመንደሩ ሰዎች ከየበራችን ቆመን አየን። አንዱ «ይበላቸው! በሰው ቤት!» አለ። ሌላው ዝም አለ። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ አዳማ ላይ ንፋሱ ብርድና አቧራ ይዞ ይመጣል። ፋዲላ ከሦስቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን መረጠች፤ ከገበያ ያመጣችውን ወፍራም ላስቲክ በመስኮቱ ላይ ሦስት ድርብ አድርጋ በሚስማር መታች። አንድም ቀዳዳ አላስቀረችም። እስከዚያ ቀን የምታበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር፤ መብራቱ ሲቆረጥ ከሰል ገዛች።

በማግስቱ ምንተስኖት ሄደው እንደሆነ ሊያይ መጣ። ላስቲኩ በንፋሱ ሲነፋና ሲሟሽሽ አየ። «ጎበዝ ናት!» ብሎ ስቆ ሄደ።

ታኅሣሥ አሥራ አራት ዛኪር ዘመድ ሞቶበት ወደ ባቱ ሄደ። ሑስና ሳል ይዟት ነበር። ፋዲላ ማታ እራት ግቢ ውስጥ አብስላ ስትጨርስ፣ ፍም የሞላውን የከሰል ምድጃ ልጇ እንድትሞቅ ወደ ክፍሉ አስገባች። ሙቀቱ ያለበትን ጎን ለሑስና ሰጠች፤ እሷ ብርድ በሚገባበት በበሩ በኩል ተኛች።

ዛኪር በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጠራ፤ የሚመልስ የለም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ፋዲላ ትተነፍስ ነበር፤ ከበሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። ሑስና አትተነፍስም። ልጅቷን የገደላት ከሰሉ የሚያወጣው፣ መውጫ ያጣ ሽታ የሌለው መርዛማ አየር መሆኑን ሐኪሙ ነገረን።

ልጅቷ በዚያው ቀን ተቀበረች። ምንተስኖት ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ መጣ። ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከእትዬ ዘውድነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ልጅ ልገድል አልመጣሁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሰል ታስገባለች ብዬ እንዴት ልገምት?»

«የሽንኩርት መጋዘንህ ግድግዳ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«እርብራብ እንጨት ነው።»

«ላስቲክ ብታለብሰውስ?»

«አየር ያጣል። ይታፈንና . . .»

«ላስቲኩን አይተኸው ነበር» አሉት። «እኔም አይቼዋለሁ። ጓሮዬ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ዓመት ሙሉ ባዶ ናት፤ እንግዳ ይመጣል እያልኩ። አንተን ስወቅስ የራሴ ቁልፍ መቀነቴ ላይ ተቋጥሮ ነበር።»

ምንተስኖት ተነስቶ ዛኪር እግር ሥር ተንበረከከ። ዛኪር አላነሳውም።

«ውል እንጻፍ ብዬህ ነበር» አለው።

ወገኖቼ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታስገቡ፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቢቀላም ይገድላል። የሰው ቤት ሰብራችሁ አትግቡ። ቤታችሁ ቢያዝ ደግሞ ወደ ሕግ ሂዱ እንጂ ብርድን ፈራጅ አታድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሰው መጠለያ አጥቶ ሳለ ቤት ቆልፎ ዋጋ መጠበቅ ጉዳት የለውም አትበሉ። ጉዳቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ምንተስኖት ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ቤቶች በውል አከራይቷል። የእትዬ ዘውድነሽ ክፍልም ሰው ገብቶባታል። መካከለኛውን ቤት ለዛኪርና ለፋዲላ ያለ ኪራይ ሊሰጣቸው ለመናቸው፤ እምቢ ብለው ባቱ ገቡ። ፋዲላ ቲማቲም መለየት ትታለች። በመንደሩ ባዶ ከነበሩት አምስት ቤቶች ሦስቱ ዛሬም ባዶ ናቸው። የተነቀሉት መስኮቶች በጥር ወር ተመልሰዋል፤ ባለሙያው አሥራ ሁለቱንም ገጥሞ ለመጨረስ የፈጀበት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው።