የማይሳበው ፍሬን

ኢንስፔክተር ሞይራ ስተብስ ሃርክስቢ ስትደርስ ሬሳው አሁንም ከጡብ ግንቡ ሥር ነበር። በላዩ ላይ የዝናብ ካፖርት ጣል ተደርጎበታል። ከሬሳው ሁለት እርምጃ ከፍ ብሎ የገደለችው ሰማያዊ መኪና ቆማለች።

ሃርክስቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበር። ዛሬ በዚያ አስፋልት ላይ የሚበርረው የሰፈር መኪናውን ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ከፍሎ ይገባና ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ‹ትራክ› በሚሉት፣ ተቆጪ በሌለበት መንገድ እስኪበቃው ይነዳል። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ለመንደሩ ሰላም ሲባል ሞተር ሁሉ ለአንድ ሰዓት ይጠፋል። ያን ሰዓት የሚወደው የለም። ጭር ሲል ወጥተው ያልተመለሱት አውሮፕላኖች ይሰማሉ ይባላል። ኖርማን ታክሬይ የሞተው በዚያ ሰዓት ነው። መስታወቱ ቢሰበር እንዳይበተን የፊት መብራቱ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ተላልጦ ስለነበር መልሶ ሊለጥፍ ተንበርክኮ ሳለ መኪናዋ ቁልቁል ተንከባልላ ከግንቡ ጋር አጣበቀችው።

ሞይራ ካፖርቱን ገለጥ ስታደርግ ደነገጠች። ፊቱን ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ የዚህን ሰው በር ያንኳኳችው እሷ ነበረች። «ልጅዎ ሮቢን አርፏል። ብቻውን ነበር፤ ሲበርር ከዛፍ ተጋጨ» ያለችው እሷ፤ ሪፖርቱን የጻፈችውም እሷ። መኪናዋም ሮቢን የሞተባት ያችው ናት። ኖርማን ስብርባሪዋን አቃንቶ፣ ቀለም ቀብቶ እንደገና ነፍስ ዘርቶባታል።

የሟቹ ልጅ ቴሳ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇ ላይ ያለው ግራሶ አልታጠበም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ሞይራ ገና ሳትቀመጥ።

«ረጋ በይ። መጨረሻ የነዳሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ስድስት ተኩል ላይ ገብቼ ቁልቁለቱ ላይ አቆምኳት። የእጅ ፍሬን አልሳብኩም፤ እዚህ ማንም አይስብም። የፍሬኑ ዲስክ ግሎ ነው የሚመጣው፤ ከሳቡት የፍሬን ሸራው ይጣበቅበታል። ማርሽ አስገብቶ መተው ነው። አስገብቼ ነበር... መሰለኝ። እንዳልምል ደግሞ ነጻ ማርሽ ላይ ነው የተገኘችው ይላሉ።»

«አባትሽ ምን ሲል ተለየሽው?»

«‹ከምሳ በኋላ ስለ ሮቢን የምነግርሽ አለ› አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ሄድኩ። ወንድሜ በገዛ ጥጋቡ ሞቶ እናቴን በሐዘን የገደለ ልጅ ነው፤ ስሙን መስማት አልፈልግም። አሁን አባቴንም እኔ ጨመርኩላት።»

ሞይራ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋት ወጣች።

የትራኩ ኃላፊ ደንካን በሬ የሚያክል ሰው ነው፤ አልቅሶ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሻይ ይዤለት ስመጣ ነው ያየሁት፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ቢሆን ነው። ጮህኩ። አራት ሆነን ወደ ኋላ ገፋናት፤ ወይ ፍንክች! እኔን ያዩኛል አይደል ኢንስፔክተር? ያቺን ቆርቆሮ ብቻዬን በገፋኋት ነበር። ከዚያ አማቹ ክላይቭ በመስኮት ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ። ዳግም ስንገፋ ‹ቋ!› አለችና ለቀቀች።»

«ክላይቭ ጎንበስ ብሎ ምን ነካ?»

«እሱን እንጃ። ዓይኔ ኖርማን ላይ ነበር።»

ክላይቭ ፓስክ የኖርማን ሟች ሚስት ወንድም ነው። በከተማው ግማሹን ሰው መኪና መንዳት ያስተማረ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ሰው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። «ደንካን እስኪጮህ ድረስ ወደዚያ ዝር አላልኩም፤ የራሴ መኪና ውስጥ ሳንድዊች እየበላሁ ነበር።»

«ጠዋት ለነጂዎች የሚሰጠውን የትራክ ደንብ ገለጻ ሰምተዋል?»

«የመጣሁት አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ኖርማን ‹ና› ስላለኝ። እኔ በዚህ አስፋልት አንድ ዙር ነድቼ አላውቅም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ቀስ ብሎ መንዳትን ነው።»

«በመስኮት ጎንበስ ሲሉስ?»

«ማርሹን አየሁ። ነጻ ነበር። ምስኪን ልጅ፣ ረስታው ነው። እባክዎ አያስጨንቋት።»

ሞይራ አመስግናው ወደ ሰማያዊዋ መኪና ተመለሰች። ጭጋጉ ወርዶ የሜዳው ዳር አይታይም። ትራክ የሚገባ ሰው መኪናው ውስጥ የሚንከባለል ነገር አይተውም፤ የኖርማንም ዕቃ በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል፤ ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማ፣ የመፍቻ ሣጥን። አጠገቡ ሁለት የተጠቀለሉ አሮጌ የወንበር ቀበቶዎች አሉ። በአንዱ ላይ «የሹፌሩ»፣ በሌላው ላይ «የተሳፋሪው» የሚል ወረቀት ታስሯል። ዘርግታ አየቻቸው። ሁለቱም ደረት ላይ በሚያርፉበት ቦታ ተለጥጠው ተሸብሽበዋል።

ከዚያ ተንበርክካ ባትሪዋን በኋላ ጎማው ቸርኬ ቀዳዳ አበራች። በሚያብረቀርቀው የፍሬን ዲስክ ላይ የፍሬን ሸራውን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ማኅተም አለ። በሌላው ጎማም እንዲሁ። የሮቢንን ሪፖርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር የጨረሰችው።

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም ሻይ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ቴሳ፣ ማርሽ አስገብተሻል» ብላ ጀመረች። «መኪናዋ ነጻ ብትሆን ኖሮ ገና ስትወርጂ ትንከባለል ነበር፤ አባትሽም ፊቷ ቆሞ አያናግርሽም ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሹፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አለ።»

«ማን?» አለ ደንካን።

«ደንካን፣ አራት ሰው ያልገፋት ለምንድን ነው? ነጻ ማርሽ ላይ ከነበረች ምን ያዛት?»

«የእጅ ፍሬን» አለ ደንካን።

«ዲስኩ ገና እንደጋለ ተስቧል። ሸራው ተጣብቆ ማኅተሙን ጥሏል። የሰማኸው ‹ቋ› ሲላቀቅ ነው። አሁን ንገረኝ፤ አንተ ወይ ቴሳ ከትራክ የገባች መኪና ላይ እጅ ፍሬን ትስባላችሁ?»

«ራሴን ስቼ እንኳ አልስብም።»

«ነጻ ማርሽና የእጅ ፍሬን። መኪና ሲቆም ተማሪ ሁሉ እንዲያደርገው የሚነገረው ይኸው ነው። ሚስተር ፓስክ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩትን እጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ አደረገው። ማርሹን ያወጡት ሊገድሉት ነው። ፍሬኑን የሳቡት ግን በልማድ ነው። በኋላ ሁሉም ሲገፋ በመስኮት ጎንበስ ብለው ለቀቁት።»

«ኧረ ለምን ብዬ?» አለ ክላይቭ።

ሞይራ ሁለቱን ቀበቶዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ባዶ ወንበር ቀበቶ አይለጥጥም። ሮቢን በሞተ ቀን መኪናዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኖርማን መኪናዋን ሲፈታታ ደረሰበት፤ ሌላው ሰው እርስዎ መሆንዎን አውቆ ጠራዎት። ሮቢን ከሹፌሩ በር አጠገብ ወድቆ ስለተገኘ ሹፌሩ እሱ ነው ብዬ ጻፍኩ። ማን ጎትቶ እዚያ እንዳስተኛው አልጠየቅሁም።»

ክላይቭ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ወሸቀ።

«ያን ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ጠጥቼ ነበር» አለ። «ሥራዬ ይቀራል ብዬ... ልጁ ሞቷል፤ አይጎዳውም አልኩ። ዛሬ ኖርማን ‹ከምሳ በኋላ ለቴሳ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝና ዞሮ ተንበረከከ። ማርሹን ነጻ አደረግኩት፤ ፍሬኑን ግን ወዲያው ነው የሳብኩት፣ ቴሳ! ስሜን ሲጠራ ወዲያው ሳብኩት!»

«ጠርቶህስ?» አለች ቴሳ። «ጠርቶህ ሳንድዊችህን ልትበላ ሄድክ፣ አጎቴ?»

በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ክላይቭን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ደንካንም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው።

ቴሳ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሞይራ ከፊቷ ወንበር ሳበች።

«ያን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «ወንድምሽን ሦስት ዓመት ያስረገምኩሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ ብልሽ አይበቃም።»

ልጅቷ ይቅር አላለቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። ግራሶ የነካውን እጇን አሸት አሸት አደረገች።

«እርስዎ የሮቢን ቀብር ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እኔ አልነበርኩም። ስለተናደድኩበት ቀርቼ፣ ከዚያም በኋላ አንድም ቀን አልሄድኩም።» ቀና ብላ አየቻት። «መቃብሩ የት ጋ እንዳለ አላውቅም። ያሳዩኛል?»